ጮቄን ያስጎበኘች ሴት

በሲናን ምድር፣ ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ አሜጃ ሜዳ የምትባል ትንሽ የገብስ አገር ነበረች። የመንደሯ ሰዎች ስለ ተራራው የሚጠይቅ መንገደኛ ሲመጣባቸው ራሳቸው አይመልሱም። «የብርጓልን ጠይቃት» ይሉና ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ያለውን ጎጆ በአገጫቸው ያመለክታሉ።

የብርጓል ተራራውን የተማረችው በሕመም ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ ባገባች በዓመቱ፣ ግራ እግሯ አብጦ አላራምድ አላት። ባሏ ደምለው በበቅሎ ጭኖ ከጮቄ ጫፍ ዝቅ ብሎ ወደሚፈልቅ ጸበል አወጣትና ሁለት ሱባዔ አስጠመቃት። በበቅሎ የወጣችውን መንገድ በእግሯ ወረደችው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ስለቷን ልታደርስ ትወጣ ጀመር። ብቻቸውን መውጣት የሚፈሩ ሕመምተኞችም ተከተሏት። ደምለው ዓባይ በረሃ ወርዶ በንዳድ ከሞተባት በኋላ ደግሞ ጸበልተኛ መምራት ኑሮዋ ሆነ። ከይጁቤ፣ ከደብረ ወርቅ፣ ከደብረ ማርቆስ ሳይቀር ሰው ይመጣባት ነበር። ያለው ገብስ ይሰፍርላታል፤ የሌለው መርቋት ይሄዳል።

ሌሎች መሪዎችም ነበሩ፤ የእሷ ግን ይለይ ነበር። ጸበልተኛ አንገቱን ደፍቶ፣ ሕመሙን እያዳመጠ ነው የሚሄደው። የብርጓል በየደረሰችበት ታቆመዋለች። ደወል ድንጋይ ሲደርሱ ጠጠር አንስታ ድንጋዩን ትመታለች፤ ድንጋዩ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ይጮኻል። ጅብራ ሜዳ ሲደርሱ ተክሎቹን ታሳያለች። ጅብራ ከሰው ቁመት በላይ የሚረዝም፣ ብቻ ብቻውን የሚቆም ተክል ነው፤ ጉም ሲወርድበት መነኮሳት ቆመው የሚጸልዩ ይመስላል። «ቀና በሉ እንጂ» ትላለች። «ዓይን ሲጠግብ እግር ይበረታል።» ብዙዎቹ ከጸበሉ ይልቅ ይህ አባባሏ እንዳዳናቸው ይናገራሉ፤ እሷ ግን እንዲህ ሲሏት ትቆጣለች።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1930 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ የአሜጃ ሜዳ እኩሌታ ተቃጠለ። ሸፍተው ጫካ የገቡ ሰዎች ከመንደሩ ነበሩና ወታደር መጥቶ በቤታቸው ላይ እሳት ለቀቀበት። የየብርጓል ልጅ አሰገደች ባሏ እንዳላማው አርበኛ ስለነበረ ቤቷ ከተቃጠሉት አንዱ ሆነ። ያን ጊዜ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

የአርበኞቹን ቤተሰብ ወደ ተራራው ያወጣቻቸው የብርጓል ናት። ንስር ገደል ከሚባለው ትልቅ ገደል ወገብ ላይ፣ በአስታ ቁጥቋጦ የተሸፈነ ጠባብ መንገድ አለ። መንገዱ ሃምሳ ሰው ወደሚይዝ ደረቅ ዋሻ ያደርሳል። ቦታውን የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ቅስናም ያላቸው የደብሩ መሪጌታ አካለ ወልድ ታቦቱን በራሳቸው ላይ አክብረው፣ ሠላሳ አንድ ነፍስ ተከትሏቸው እዚያ ገቡ። አሰገደችም በመጋቢት መባቻ በዚያው ዋሻ ውስጥ ወንድ ልጅ ወለደች።

የብርጓል መንደር ውስጥ ቀረች። አንድ ሰው ከታች ሆኖ እህል ማቀበል ነበረበት።

አራሷ ሦስተኛ ሳምንቷን ስትይዝ፣ በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ ባዘዘው መጣ። ባዘዘው ጣሊያኖች የሾሙት የመንደሩ ሹም ነው። ሹመቱን የተቀበለው የባሰ ሰው እንዳይሾምብን ብሎ ነው እያለ ይምላል፤ ያመነውም ያላመነውም ነበር። ከኋላው አንድ የወታደር ልብስ የለበሰ፣ ጠመንጃ ያነገተ ጠይም ረጅም ሰው ቆሟል።

«የብርጓል፣ ፈረንጅ መጥቷል፤ ተራራውን ማየት ይፈልጋል» አለ ባዘዘው።

«ሊጠመቅ ነው?»

«የለም።»

«ሊሳለም ነው?»

«የለም። እንዲያው ሊያይ ነው። አይቶ ይጽፋል አሉ።»

የብርጓል ግራ ገባት። ረጅሙ ሰውዬ ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሣ። አስተርጓሚ መሆኑን፣ ስሙ ዘርኦም መሆኑን፣ አገሩ ሐማሴን መሆኑን ነገራት። አማርኛው እንደ መጽሐፍ ቤት ተማሪ የተለቀመ ነበር።

«መጽሐፍ ነው፣ እናቴ» አላት። «ከሮማ የሚመጣ እንግዳ የትኛውን ተራራ ቢወጣ፣ የትኛውን ፏፏቴ ቢያይ ደስ እንደሚለው የሚናገር መጽሐፍ። እዚህ ጥሩ ውሃ አለ፣ እዚህ ድንኳን መትከያ አለ፣ ከዚህ ቆሞ ቢያዩ ይህ ይታያል ይላል።»

«አገሩ እየተቃጠለ እንግዳ ይጠሩበታል?»

ባዘዘው በክርኑ ጎሸም አደረጋት። ዘርኦም ግን አልተቆጣም። «እኔ የተባለውን ነው የማስተረጕመው» አለና ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ።

ባዘዘው ወደ ጓሮ ይዟት ዞረ። «ስሚኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በአምስት ቀን ካልተመለሱ የቀረውንም መንደር ተጠያቂ እናደርጋለን ብለዋል። እስከዚያ እኔን ምሽጋቸው ውስጥ ያስቀምጡኛል። እምቢ ካልሽም ሌላ መሪ ይፈልጋሉ።»

የብርጓል ያሰበችው ስለዚህ ሌላ መሪ ነው። አንድ ዳገት የሚያውቅ፣ ፍርሃት የያዘው ሰው ወስዶ ሁሉንም ቢያሳይስ? ፈረንጁ የጻፈውን ነገ ጠመንጃ የያዘ ያነበዋል። የሚያሳይ ሰው ግን የማያሳየውንም መምረጥ ይችላል። በሶዋን ቋጠረች፣ ባናዋን ደረበች፣ በትሯን ያዘች።

ጸሐፊው ጣሊያን እሷ እንደጠበቀችው አልነበረም። ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ፣ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ዳገት ሲወጣ የሚያለከልክ ሰው ነው። ሁለት አስካሪ የሚባሉ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች ድንኳንና ስንቅ የጫኑ በቅሎዎች ይነዱለታል። ሽጉጥ ታጥቋል፤ እጁ ግን ከሽጉጡ ይልቅ ከደብተሩ አይለይም። ያገኘውን ሁሉ ስሙን ይጠይቃል፤ የሣሩን፣ የወፉን፣ የዳገቱን። የብርጓል ትናገራለች፣ ዘርኦም ያስተረጕማል፣ እሱ ይጽፋል።

ደወል ድንጋይን አሳየችው። ራሱ ጠጠር አንስቶ መታና ጆሮውን ድንጋዩ ላይ ለጥፎ ድምፁ እስኪጠፋ ቆየ። ጅብራ ሜዳ ላይ ተቀምጦ በእርሳስ ሥዕል አነሣ። የብርጓል በትከሻው በኩል አየችው፤ ጅብራዎቹ እንዳሉ ነበሩ፣ ጉሙም ሳይቀር። ያልወደደችው ነገር ሥዕሉ ደስ ማሰኘቱ ነው። ይህ ሰው ክፉ ቢሆን ሥራዋ ይቀልላት ነበር።

ያን ዕለት ዓርብ ነበር። ጸሐፊው የቆርቆሮ ሥጋ ከፍቶ ለሁሉም ሲያድል ዘርኦም «ሆዴን አሞኛል» አለ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከድንኳኑ ጀርባ ዞሮ መጣና ከየብርጓል በሶ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«አሁን ተሻለህ?» አለችው።

«ዘጠኝ ሲሆን ይሻለኛል» አለና ፈገግ አለ።

በሶውን ሰጠችው። ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ አማተበና በላ። ከዚያ በኋላ ስታናግረው «አንተ ልጄ» ማለት ጀመረች።

በማግሥቱ ወደ ጸበሉ ደረሱ። ሰባት ምንጮች ከአንድ አለት ሥር በተርታ ይፈልቁና ሜዳው ላይ ገጥመው አንድ ወንዝ ይሆናሉ። ጸሐፊው በብርጭቆ ዘንግ የውሃውን ቅዝቃዜ ለካ። ዘርኦም ጫማውን አውልቆ ገባና ውሃውን በራሱ ላይ ሦስት ጊዜ አፈሰሰ።

«ቅዳሴ ከሰማሁ ሁለት ዓመቴ ነው» አላት፤ ፊቱን በነጠላዋ ጫፍ እንዲያብስ ስትሰጠው። «ከእነሱ ጋር ሆኜ በየትኛው ፊቴ እገባለሁ?»

«በዚሁ ፊትህ» አለችው። «እግዚአብሔር ሌላ ፊት አልሰጠህም።»

ድንኳኑን እዚያው ተከሉ። አስካሪዎቹ በቅሎ ሊጠብቁ ሲቀሩ ሦስቱ ብቻ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ወደ ጫፉ ወጡ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ከጫፉ ላይ በደቡብ የዓባይ ሸለቆ እንደ ሰማያዊ ጢስ ይታያል፤ ከበታቻቸው ወንዞቹ እንደ ተበተነ ፈትል በየአቅጣጫው ይወርዳሉ። የብርጓል በበትሯ እየጠቆመች የእያንዳንዱን ወንዝ ስም ጠራች። እዚህ ስትደርስ ሁልጊዜ እንደሚሆንባት ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ ረስታ ልቧ በደስታ ሞላ፤ ለጸበልተኞቿ እንደምትናገረው በሙሉ ድምፅ ነበር የተናገረችው። ጸሐፊው መነጽሩን አውልቆ ጠራርጎ እንደገና አደረገ። አልጻፈም። ዝም ብሎ ብዙ ጊዜ አየ።

ኋላ ጣቱን ወደ ምዕራብ ዘርግቶ አንድ ነገር ጠየቀ።

«በዚያ ገደል ወገብ ላይ የሚታየው ጥቁር ነገር ምንድን ነው ይላል» አለ ዘርኦም።

የብርጓል ሳትዞር አወቀችው። ንስር ገደል ነው። ከዚህ ከፍታ፣ በዚህ የጠዋት ፀሐይ፣ የዋሻው አፍ እንደሚታይ አስባው አታውቅም።

በጾም መዋሸት ከበዳት። «እዚያማ» አለች ቀስ ብላ፣ «አራስ ነብር አለችበት። ሰው አይጠጋትም።»

ዘርኦም አፍታ አያትና አስተረጐመ። ጸሐፊው ፊቱ በራ። ደብተሩን ከፍቶ ጻፈ፤ ቀጥሎም ተነሥቶ በትሩን ጨበጠ።

«ከእነ ግልገሎቿ ነብር አይቶ አያውቅም። አይተኵስም፤ ከሩቅ ማየት ብቻ ነው የሚፈልገው።»

«አደገኛ ናት በለው።»

«አልሁት። ያን ያህል አልጠጋም ይላል።»

የብርጓል ለመመለስ ያልሞከረችው ነገር የለም። መንገዱ ክፉ ነው አለች፤ ጉም ይመጣል አለች። ሰውዬው ግን ትዕግሥቱ አልቆ ወደ ምዕራብ ቁልቁለቱን ጀመረ። እሷም ቀደመችው፤ ካልቀረ ቀኝ ቀኙን ይዛ ዋሻው ወደማይታይበት ጎን ልታዞረው።

ጉሙ በእውነት መጣ። ከዓባይ በኩል ተነሥቶ ሜዳውን በአንድ ትንፋሽ ሸፈነው። ቀጥሎ ነጐድጓድ፣ ቀጥሎ በረዶ። በረዶው ባቄላ ያህል ነበር፤ የጓሳውን ሣር አስተኝቶ ምድሩን እንደ ተሰጣ ዱቄት አነጣው። በዚያ መሃል ጸሐፊው ረገጥሁ ያለው ድንጋይ ከድቶት ተንከባለለ። ሲደርሱበት ቁርጭምጭሚቱ ዞሯል፤ መነጽሩ ተሰብሯል፤ ግንባሩ ይደማል።

ዘርኦም ሊያነሣው ሞከረ። ሰውዬው ጮኸና ተመልሶ ተቀመጠ። መጀመሪያ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መንቀጥቀጡን ተወ። የብርጓል ይህን ታውቀዋለች። በተራራ ላይ የሚንቀጠቀጥ ሰው ይድናል፤ መንቀጥቀጡን ከተወ ግን ይተኛል፣ ከተኛም አይነሣም። ሰው ተሸክሞ ድንኳኑ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ዋሻው ቢጠሩ የሚሰማ ያህል ቅርብ ነው።

ጸሐፊው ደብተሩን ከኪሱ አውጥቶ ለዘርኦም ዘረጋለትና ጥቂት ቃል ተናገረ።

«እኔን ተዉኝና ሂዱ ይላል። መጽሐፉን አውርዱልኝ።»

የብርጓል ቆማ አሰበች። ትታው ብትወርድ ማንም አይፈርድባትም ብላ ነበር፤ ግን ባዘዘው ምሽግ ውስጥ ተቀምጧል፣ መንደሩም እኩሌታው ገና አልተቃጠለም። ይህ አንዱ ነው። ሌላውን ለመናገር ያስቸግራል። ጣሊያን መሆኑን አልረሳችም፤ የልጇ ቤት ጢስ ከዓይኗ አልጠፋም። ቢሆንም በሃያ አራት ዓመት ውስጥ አንድ ሕመምተኛ ተራራ ላይ ጥላ ወርዳ አታውቅም፤ አሁን በዚህ ዕድሜዋ እንዴት ተብሎ እንደሚጀመር አላወቀችም።

ዘርኦምን በእጅጌው ይዛ ራቅ አደረገችው።

«ያልሁህ ነብር የለም» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቅህ?»

«በእኛም አገር የወለደች ሴት ሓራስ ነው የምትባለው። እርስዎ ‹አራስ› ሲሉ ድምፅዎ የእናት ድምፅ ነበር፣ የአዳኝ አልነበረም። ያስተረጐምሁለት ግን ነብር ብዬ ነው።»

የብርጓል ዋሻው ወዳለበት በበትሯ ጠቆመች። «ልጄ ናት» አለች። «ከእሷ ጋር ሠላሳ ነፍስና ታቦት አለ። ከገባህ ሁሉም በአንደበትህ ላይ ነው።»

ዘርኦም ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ሰጣት። ከዚያ ከጸሐፊው ወገብ ሽጉጡን ፈታና እሱንም ሰጣት። ሻሹን ከአንገቱ ፈትቶ የሰውዬውን ግንባር ከነዓይኑ ጠቀለለው፤ በጣሊያንኛም አንድ ነገር ነገረው።

«ምን አልኸው?»

«በረዶው ዓይን ያጠፋል አልሁት። ደግሞ እረኞች የሚጠጉበት ቦታ አለ አልሁት።»

አዘለው። የብርጓል በአስታው መሃል ፊት ፊት ሄደች። የዋሻው አፍ ላይ ስትደርስ ጠመንጃውን ከፍ አድርጋ፣ ስሟን ጠርታ ገባች።

መጀመሪያ ያዩት ጠመንጃውን ነው፤ ቀጥሎ የታዘለውን ፈረንጅ። ሕፃናት ወደ እናቶቻቸው ሸሹ። ወለተ ሚካኤል የምትባል ሴት፣ ልጇ በጥር የተገደለባት፣ ተነሥታ መንገዱን ዘጋች።

«ማንን ነው ያመጣሽብን፣ የብርጓል?» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «የልጄን ገዳይ ነው?»

የብርጓል ጠመንጃውን ዝቅ አደረገች። «ሕመምተኛ ነው» አለች። «ሌላ የማውቀው የለኝም።»

መሪጌታ አካለ ወልድ ከታቦቱ መጋረጃ አጠገብ ተነሡ። ዘርኦም መጋረጃውን ሲያይ የተሸከመውን ሰው ሳያወርድ፣ በእግሩ እየታገለ ጫማዎቹን አወለቀ። መሪጌታም ይህን አዩ። ከዚያም እንዲህ አሉ፦

«ወለተ ሚካኤል ልጄ፣ እውነትሽን ነው። ግን እኛ አላመጣነውም፤ በረዶ አመጣው። በጾም ደጃችን ላይ ሰው ቢሞት ነገ በዚህ መጋረጃ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ? ከዋሻው አፍ ላይ አስቀምጡት። ወደ ውስጥ አይግባ።»

ወለተ ሚካኤል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለእሳቱ እሷ የለቀመችውን እንጨት ሲያነሡ ግን አልከለከለችም።

የብርጓል ሰውዬውን በሁለት ባና ጠቀለለችው። እግሩን ስባ መለሰችው፤ በቆዳና በልምጭ አሰረችው። አጥሚት ሞቅ አድርጋ በማንኪያ አጠጣችው። ከሰዓት በኋላ መንቀጥቀጡ ተመለሰ። እሷም እፎይ አለች። ዓይኑ እንደተጠቀለለ ነው፤ ሊፈታው ሲሞክር ዘርኦም እጁን ይይዘዋል። በዋሻው ውስጥ ሠላሳ ሁለት ሰው ትንፋሹን ውጦ ተቀምጧል። ሕፃናቱ እንኳ ነገሩ ገብቷቸው ዝም አሉ።

የሦስት ሳምንቱ ልጅ ግን ምን ይገባዋል? ከውስጥ በኩል አለቀሰ። አሰገደች ጡቷን አጎረሰችው፤ ግን ዘግይታለች፤ ድምፁ ዋሻውን ሞልቶ ነበር።

ጸሐፊው ጭንቅላቱን ወደ ድምፁ አዞረ። አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ዘርኦም አጭር መልስ ሰጠው። ሰውዬው ፊቱን ወደ ውጭ፣ በረዶው ወዳለበት አዞረና ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ምንድን ነው ያለህ?» አለች የብርጓል በሹክሹክታ።

«ምንድን ነው የሚያለቅሰው አለኝ። የነብሯ ግልገል ነው አልሁት።»

«እሱስ?»

«ግልገል ያላትን ነብር ማስቸገር አይገባም፣ አለ። ማለዳ እንውረድ አለ።»

በማግሥቱ በረዶው ሳይቀልጥ፣ ዘርኦም ሰውዬውን አዝሎ ወረዱ። ሻሹን የፈቱለት ምንጮቹ አጠገብ ሲደርሱ ነው። የብርጓል መሣሪያዎቹን ከዚያ በፊት መልሳ ነበር። ጸሐፊው አንዴ አያትና ራሱን ዝቅ አደረገ። በአምስተኛው ቀን ማታ ከሮብ ገበያ በላይ ካለው ምሽግ ደረሱ፤ ባዘዘው ተለቀቀ።

የዋሻው ሰዎች ግን አልተማመኑበትም። «የሰው ልብ ከምሽግ ሲደርስ ይለወጣል» አሉ መሪጌታ። በዚያው ሳምንት የብርጓል ከዚያ በስተሰሜን ወዳለ ሌላ ጥልቅ ሸለቆ አሻገረቻቸው፤ ዝናብ የሚገባበት፣ የማይመች ቦታ ነበር፤ ሁለት ወር ተቀመጡበት። ወደ ንስር ገደል ወታደር ሳይመጣ ሲቀር ተመልሰው ገቡ። ልጁ በአርባ ቀኑ በዚያ ሸለቆ ተጠመቀ። ጸሐፊው ምን ጽፎ እንደሄደ፣ መጽሐፉም ታትሞ እንደሆነ የብርጓል አላወቀችም። ብዙም አልጠየቀችም።

በ1932 ዓ.ም. ኅዳር ዘርኦም ሦስት ጓደኞቹን አስከትሎ፣ ጠመንጃቸውን እንደያዙ ከምሽጉ ከዱና አሜጃ ሜዳ ድረስ መጡ። «የብርጓል የት ናት?» ብለው ጠየቁ፤ የመንደሩ ሰውም እንደ ልማዱ በአገጩ አመለከተ። እሷ ወስዳ ከእንዳላማው ጋር አገናኘቻቸው። መጀመሪያ አላመኗቸውም። እንዳላማው ሦስት ቀን ለብቻቸው አስቀመጣቸው። በአራተኛው ቀን አሰገደች ሕፃኑን ይዛ መጣችና ዘርኦም ጭን ላይ አስቀመጠችው፤ ባሏም ከዚያ በኋላ አልጠየቀም።

ከዚያ ወዲህ የየብርጓል ሥራ ሰፋ። ቁስለኛ ወደ ምንጮቹ ታወጣለች፤ ጥይት የጫነ በቅሎ በጅብራው መሃል ታሳልፋለች። ወለተ ሚካኤልም አብራት መውጣት ጀመረች። ስለዚያች ቀን ሁለቱ አንድም ቀን አልተነጋገሩም። ቁስለኛ ሲያነሡ ግን ወለተ ሚካኤል ሁልጊዜ በራስጌ በኩል ነበር የምትይዘው።

በ1933 ዓ.ም. መጋቢት ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ለቆ ወጣ። በግንቦት ታቦቱ ከዋሻው ወረደ። መሪጌታ አካለ ወልድ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ታቦቱን የተሸከሙት ሌላ ቄስ ናቸው፤ እሳቸው በየብርጓል ትከሻ ተደግፈው ወረዱ። በየደረሱበት «አሁን የት ነን?» ይሏታል። ትነግራቸዋለች። የአሰገደች ልጅ ሦስት ዓመት ሞልቶት ነበርና እኩሌታውን መንገድ በእግሩ ሄደ፤ ሜዳ ሲያይ፣ አለት ሳያግደው የሚሮጥበት ይህን ያህል ባዶ ቦታ ሲያይ የመጀመሪያው ነው፤ አልያዝም አለ። አሜጃ ሜዳ ሲገቡ ባዘዘው ከመንደሩ መግቢያ ላይ ቆሞ ነበር። ማንም ለጊዜው አላናገረውም። መሪጌታ ስሙን ጠርተው መስቀል ሲያሳልሙት ግን ሰዎቹ መንገድ ለቀቁለት።

ቤቶቹ እስከ ክረምት ድረስ ተሠሩ። በጥቅምት፣ ሜዳው በአበባ ሲሞላ፣ የመጀመሪያዎቹ ጸበልተኞች ከደብረ ወርቅ መጡ፤ አሥራ አንድ ነበሩ። ዘርኦም አብሯቸው ወጣ። ወደ አገሩ ሊሄድ ነበር፤ እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር አያውቅም። ከመሄዱ በፊት አንድ ጊዜ ለራሱ ሊያይ ፈለገ። «ያኔ ያየሁትን ሁሉ ያየሁት ለሌላ ሰው ለማስተረጐም ነው» አላት።

ጸበልተኞቹን ምንጮቹ አጠገብ አሳርፋ ሁለቱ ወደ ጫፉ ወጡ። ሰማዩ ንጹሕ ነበር። የብርጓል በትሯን አነሣችና እንደ ድሮው ወንዞቹን ጠራች፤ ዘርኦም እያንዳንዱን ከአፏ ተቀብሎ መልሶ ጠራ።

«ሐማሴን በየት በኩል ነው?» አላት ሲጨርሱ።

«ሰሜን በዚያ ነው» አለች፤ በትሯን ዘርግታ። «ከነዚያ ተራሮች ወዲያ እኔ አላውቅም።»

ዘርኦም ከጓሳው ላይ ተቀመጠና የአገሩን ተራሮች ይነግራት ጀመር፦ ከየትኛው ዳገት ላይ ባሕር እንደሚታይ፣ ጉም ከባሕሩ ተነሥቶ ገደሉን እንዴት እንደሚወጣ። የብርጓል ባሕር አይታ አታውቅም። ባናዋን ከበታቿ አነጠፈች፤ በትሯን አጠገቧ አኖረችና «ቀስ ብለህ ንገረኝ» አለችው፤ «እንዳየው።»